የጡረተኛዋ መምህርት እናታችን የሕይወት ታሪክ፦ በሕይወት ሳለች ለመጻፍ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የመርሳዋ መምህርት ልጅ

እናታችን በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ከተማ የምትኖር ጡረተኛ መምህርት ናት። በ1946 ዓ.ም. ተወልዳ፣ በ1966 ዓ.ም. መስከረም ላይ ማስተማር ጀምራ፣ 60 ዓመት ሲሞላት በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብታለች። አባታችን የእህል ነጋዴ ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። የእርሱ ወገኖች ሙስሊሞች፣ የእርሷ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው። እኛ ልጆቿ አራት ስንሆን ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ ደሴ፣ ታናሿ ደግሞ ከአገር ውጭ እንገኛለን፤ መርሳ የቀረ የለም።

ጡረታ ወጣች ማለት አረፈች ማለት አልሆነም። የሰፈሩ ቅሬ (እድር) ጸሐፊ በመሆኗ የአባላቱን መዋጮ ብቻ ሳይሆን የድንኳኑን፣ የአግዳሚውንና የብረት ድስቱን መውጫና መግቢያ ሳይቀር በእጇ ትመዘግባለች። ከሰዓት በኋላ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃቸው የጎረቤት ልጆች በረንዳዋ ላይ ይሰበሰባሉ። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲቀያየሙ፣ ማመልከቻ የሚጽፍለት ያጣ ሰው ሲቸገር፣ የሚመጣው ወደ እርሷ ነው። የታናሽ እህታችንን ልጅ የምታሳድገውም እርሷው ናት። አዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ለምነን ለምነን ትተነዋል፤ ጥያቄዬም በዚያ ላይ አይደለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ታሪኳን በሕይወት ሳለች በአነስተኛ መጽሐፍ አሳትመን ለልጅ ልጆቿና ለመርሳ ሰው ለማስቀረት አስበናል። በአገራችን የአንድ ተራ ሰው ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለቀብሩ ነው፤ በአንድ ሌሊት፣ በለቅሶ መሀል፣ ከአባቱ ስም ተነሥቶ እስከ ልጆቹ ቁጥር ይዘረዘርና በመካከሉ «ደግ፣ ሩኅሩኅና ሰው አክባሪ ነበሩ» የሚል ይገባበታል። ታላቅ ወንድማችን የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው በዚሁ መልክ ነበር፤ ለእናታችንም አሳየናት። መነጽሯን አድርጋ፣ ቀይ እስክሪብቶ አስመጥታ፣ የፊደሉን ግድፈት አንድ በአንድ ካረመች በኋላ በኅዳጉ ላይ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብላ ጽፋ መለሰችለት። ነጥብ ግን አልሰጠችውም።

ራሷ እንድትነግረን ስንጠይቃት ደግሞ «ምን አለኝ ብላችሁ ነው? አስተማርሁ፣ ወለድሁ፣ ጡረታ ወጣሁ» ትልና ወሬውን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችን ሴት ምን ብለን ብንጠይቃት ትናገራለች? የአገልግሎቷን ሰነድስ ከየት እናገኛለን? እንደ 1977 ዓ.ም. ረሃብና እንደ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ያሉትን ዓመታት፣ የሁለቱን ወገኖቻችንን ሃይማኖትም፣ በምን አኳኋን ብንጽፍ ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉን ባለውለታችሁ እንሆናለን።

መልስ፦ ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፣ ወልድያ

ዕድሜዬን በየጁና በላስታ ትምህርት ቤቶች ፈጅቼ፣ በመጨረሻ በሱፐርቫይዘርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እናትዎን በአካል አላውቃቸውም፤ በዚያ ዘመን መምህር የሆነ ሰው የሄደበትን መንገድ ግን አውቀዋለሁ። «ሕይወትሽን ንገሪን» የተባለ መምህር ከሦስት ዐረፍተ ነገር አያልፍም፤ ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ አልኖረምና። ስለዚህ ጥያቄውን በትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ከፋፍሉት። መምህር ያለፈበትን ዕድሜ የሚያስታውሰው በምደባና በዝውውር ነው፤ «የመጀመሪያው ልጄ የተወለደው እገሌ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው» ይላል እንጂ ዓመተ ምሕረቱን አይጠራም።

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከመኪና መንገድ ወርደው ስንት ሰዓት በእግር እንደሄዱ፣ ማን ቤት እንዳረፉ፣ ደመወዛቸው በምን እንደደረሳቸው ይጠይቁ። የደመወዟ ጥያቄ ትንሽ ብትመስልም ብዙ ታወጣለች። በገጠር ባንክ በሌለበት ጊዜ ከመምህራኑ አንዱ ተወክሎ ወደ አውራጃው ከተማ ይወርድና የሁሉንም ደመወዝ ይዞ ይመለስ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ወይም የተወከለው ሰው ከተማ ውስጥ ሲያመሽ፣ ያለው አማራጭ ከባለሱቁ በዱቤ መብላት ነው። ማን ተወከለ፣ ማን አበደረ፣ ዕዳው እንዴት ተከፈለ የሚለው ሲነገር የመንደሩ ኑሮ እንዳለ ተከትሎ ይመጣል። ላጤ የሆነች ወጣት መምህርት ብቻዋን ቤት ይዛ መኖሯ በማይወደድበት ቀበሌ ደግሞ ያረፈችበት ቤት ወላጆቿ ያህል ነው። ቤቱ የሙስሊም ከሆነና እርሷ ክርስቲያን ከሆነች የእርሷ ድስትና ሳህን ለብቻ ይቀመጣል፣ ለእርሷ ዶሮ የሚባርክ ክርስቲያን ጎረቤት ይጠራል፤ ይህን ሁሉ የምታስተናግደው የቤቱ እመቤት ናትና ስለ እርሷ በስም ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዓመታቱ ልምጣ። እናትዎ በ1966 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጀመሩ ገና መንፈቅ ሳይሞላቸው የየካቲቱ የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ደርሶባቸዋል። አድማውን የመራው በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር ሲሆን፣ ያስነሡትም የደመወዝ ጥያቄና «የትምህርት ዘርፍ ግምገማ» የተባለው ዕቅድ ነበሩ። ያ ዓመት ደግሞ ወሎ በረሃብ ያለቀችበት ዘመን ነው። በአንድ ወገን ማኅበሩ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ይላል፤ በሌላ ወገን ከደጋ የወረደው ሕዝብ በዋናው መንገድ ዳር ወድቋል። ሃያ ዓመት ያልዘለላት ጀማሪ መምህርት በዚያ ጊዜ ምን አደረገች? እኔ ብሆን መጽሐፉን የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ከልደት አይደለም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እንዲሁ ነው። ቀን ልጆቹን፣ ማታ በኩራዝ ወላጆቻቸውን ያስተማረ መምህር «ስንት ሰው ከማይምነት አወጣሁ» የሚለውን ሪፖርት ያስታውስ ይሆናል፤ ያ ለካድሬው ነው። እርስዎ የሚጠይቁት ግን ማንበብ የለመደ ሰው መጀመሪያ ምን እንዳነበበ ነው። እኔ ካስተማርኋቸው አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ያነበቡት የግብር ደረሰኛቸውን ሲሆን፣ በማግሥቱ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደው ተጣልተው መጡ።

1977 ዓ.ም. ላይ ሲደርሱ «እንዴት ነበር?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ዝምታ ወይም ለቅሶ ነው። ይልቅስ የስም መቆጣጠሪያውን ያንሡባቸው። እኔ በነበርሁበት ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ከተጻፈው ስም ጥርና የካቲት ላይ ብዙው በመስመር ተሰርዞ ነበር። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ «ሰፈራ»፣ ከአንዳንዱ «ቆረም»፣ ከአንዳንዱ «ሞተ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሌሎቹ አጠገብ ምንም የለም። ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር የተጫኑት ሁሉ ለአስተማሪያቸው ነግረው አልሄዱም። መምህርት ክፍሏ ውስጥ በየትኛው ወንበር ማን ይቀመጥ እንደነበረ ከጠየቋት ባዶዎቹን ቦታዎች እርሷ ትሞላለች።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ያለውን ደግሞ በጨዋታ መልክ ይጠይቁት፤ አንድ መምህር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት ብቻውን እንዲያስተምር ስለመደረጉ፣ በነጻ ዝውውር፣ ማለትም ሳይወድቁ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚያልፉት ልጆች፣ በዕድሜ ከገፉ በኋላ በክረምት መርሐ ግብር ዲፕሎማ ለመያዝ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ስለመቀመጣቸው። ነጻ ዝውውሩ ማንበብ የማይችል ልጅ አራተኛ ክፍል ድረስ አመጣብን ብዬ አምናለሁ። እናትዎ በዚህ ላይ ቢናደዱ ግድ የለም፤ የተናደደ መምህር ብዙ ይናገራል።

መልስ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ስለ ሰነዱ እኔ ልመልስ። ብዙ ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደርና በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ።

በመጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት እናትዎ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሳይነቃነቁ ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደተቀያየሩባቸው ነው። ሲቀጠሩ ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ መርሳም በየጁ አውራጃ ሥር ነበረች። ከአብዮቱ በኋላ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ በ1980 ዓ.ም. ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ ተብሎ ተከፈለ፤ ከዚያም ዞንና ወረዳ መጣ። በእያንዳንዱ ለውጥ ማህደሮች ተጭነው ሄደዋል፤ ሲጫኑም የጠፉ አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ብዙ ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወረቀታቸውም ተበትኗል። ስለዚህ ፍለጋውን ከቢሮ አይጀምሩት፤ ከእናትዎ ሳጥን ይጀምሩት። የዚያ ትውልድ መምህራን የምደባ፣ የዝውውርና የደረጃ ዕድገት ደብዳቤያቸውን ዋናውን ወይም ካርቦን ቅጂውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ «ማህደርህ ጎደሎ ነው» የሚል መልስ እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበርና።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ ጡረታ የተወሰነበት ደብዳቤ ነው፤ አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደተያዘ ይገልጻል። በ2006 ዓ.ም. ስለወጡ የተሠራላቸው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ነው። በዚያ አዋጅ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 10 ዓመት ካገለገለ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ይሄድና ከ70 በመቶ አያልፍም። 40 ዓመት የተያዘለት ሰው 67.5 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። በእናትዎ ደብዳቤ ላይ ያለው መቶኛ ከዚህ ካነሰ ያልተያዘ ዓመት አለ። ያልተያዘው ዓመት ደግሞ ብዙ ጊዜ ታሪክ ያለበት ነው፤ ወይ በጊዜያዊነት የሠሩበት፣ ወይ ታስረው ወይም ታመው የቀሩበት፣ ወይ ማህደራቸው የጠፋበት ይሆናል። ዓመቱን ካገኙ በኋላ ለምን እንደጎደለ እናትዎን ይጠይቁ።

የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚባሉት ቅጾች ብዙ አይጠቅሙም፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ይላሉ። በተቃራኒው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ካለ በጥንቃቄ ያስቀምጡት። ርእሰ መምህሩ ያልወደደውን ሥራ ስለሚገልጽ መምህርቱ ያደረገችውን በአንድ ገጽ ታገኙበታላችሁ።

ስለ ቅሬው መዝገብ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በእናትዎ እጅ የተጻፈ ቢሆንም ንብረትነቱ የአባላቱ ነው፤ ማን መዋጮ እንዳጓደለ፣ ማን ብድር እንዳለበት ሁሉ ሰፍሮበታል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት የቅሬውን ዳኛ አስፈቅዱ፤ በመጽሐፉም ውስጥ የሰው ስም ያለበትን ገጽ አታሳትሙ። የዕቃ መመዝገቢያውን ገጽ ብቻ ብታወጡ ይበቃል። ሰነዶቹን በስልክ የምታነሡ ከሆነ ደጅ ላይ፣ በጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ አንሡ፤ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በምስሉ ስም ላይ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከወር በኋላ የቱ የቱን እንደተከተለ አታውቁትም።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የቀድሞ ተማሪ

እናትዎ እኔን ያስተማሩኝ ስለመሆናቸው እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ የተማርሁት ከመርሳ በስተምሥራቅ ባለ የቆላ ቀበሌ ነው፤ አስተማሪያችንም «እትዬ» ብለን የምንጠራቸው ሴት ነበሩ። የምጽፈው ግን ታሪኩን ስትጽፉ ተማሪዎቹን ጠይቁ፣ የምትጠይቋቸውም «ምን አደረጉልሽ» ብላችሁ ብቻ አይሁን ለማለት ነው።

እትዬ ይማቱ ነበር። ደቃቃ ልምጭ ነበረቻቸው፤ ያረፈደ ልጅ መዳፉን ዘርግቶ ይገባል። እኛ ሴቶቹ ሁልጊዜ አርፋጆች ነበርን። ውኃው ሩቅ ነው፤ ጠዋት ተቀድቶ ካልመጣ እናቶቻችን እንጀራ አይጋግሩም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበርና ሴቶቹ በሙሉ ሒሳብ እንወድቅ ነበር፤ እኛም ሌላውም ሰው የምናውቀው «ሴት ልጅ ሒሳብ አይገባትም» የሚለውን ነበር። አንድ ቀን እትዬ ከልምጩ በኋላ እጄን ይዘው አዩት። የእንስራው ገመድ በትከሻዬና በመዳፌ ላይ ያወጣው ጠባሳ ነበር። ምንም አላሉኝም፤ ይቅርታም አልጠየቁኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ተለውጦ ተለጠፈ፦ መጀመሪያ የእጅ ሥራና ሙዚቃ፣ ሒሳብ ከዕረፍት በኋላ። ለምን እንደሆነ ያስረዳን አልነበረም፤ ወንዶቹም «ጠዋት ጠዋት መዝፈን ሆነ ሥራችን» ብለው ሳቁ። በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ሴቶች በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ እስከ አምስተኛ ባለው ውስጥ ገባን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ዛሬ በሒሳብ ሠራተኛነት የምተዳደረውም በዚያው ነው።

ይህን ነገር የተረዳሁት አድጌ፣ ራሴ ልጆች ወልጄ ነው። እትዬን ብትጠይቋቸው ምናልባት አያስታውሱትም፤ ለእርሳቸው የአንድ ሳምንት ሰሌዳ ነው። ስለዚህ የእናታችሁን ተማሪዎች ፈልጉ፣ በተለይ ያልተሳካላቸውን። አገር ያወቃቸው ዶክተሮችና ኢንጂነሮች በክብረ በዓሉ ላይ ራሳቸው መጥተው ይናገራሉ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው፣ መርሳ ገበያ ፓፓያና ብርቱካን የሚሸጠው ሰው ግን ካልጠየቃችሁት አይናገርም። ልምጩንም አትተዉት። ልምጭ የሌለበትን የዚያን ዘመን አስተማሪ ታሪክ የሚያነብ የመርሳ ሰው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል።

መልስ፦ እናት ከሐይቅ

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ነገር ግን በሽምግልና ብዙ ስለምቀመጥ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

እናታችሁ ያስታረቋቸውን ሰዎች ጉዳይ አትጻፉ። በእኛ በወሎ ሰው ጉዱን ይዞ ወደ ሽማግሌ ደጅ የሚመጣው እዚያው እንደሚቀር ስለሚያውቅ ነው። «የእገሌን ትዳር አቃኑ» ብላችሁ ስም ባትጠሩ እንኳ መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ በሁለተኛው መስመር ላይ ማንነቱ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲህ እናታችሁ ደጅ የሚመጣ አይኖርም። ይልቅ እንዴት እንደሚያስታርቁ ጻፉ፦ መጀመሪያ ማንን ለብቻው ጠርተው እንደሚሰሙ፣ በስንተኛው ቡና ላይ ነገሩን እንደሚያነሡ፣ ሙስሊሙ ወገን ዱዓ፣ ክርስቲያኑ ወገን ጸሎት አድርጎ እንዴት እንደሚቋጭ። ይህ የማንንም ገመና አያወጣም።

የሁለቱን ወገን ሃይማኖት እንዴት እንጻፍ ላላችሁት፣ ተአምር አታድርጉት። ከውጭ የመጣ ሰው ሲሰማው ይገረማል፤ ለእኛ ግን የዕለት ኑሮ ነው። በፋሲካ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ በአረፋ ሥጋው ለማን እንደማይላክና በምትኩ ምን እንደሚላክ፣ አባታችሁ ሲያርፍ ቀብሩን ማን እንዳስፈጸመ በግልጽ ጻፉት። በመካከሉ የተቀየመ አክስት ወይም አጎት ካለም ይኑር፤ ሁሉም በደስታ ተቀበለው ካላችሁ የሚያምናችሁ የለም።

ሌላው፣ አራቱም ልጆች ናችሁና ላይታያችሁ የሚችል ጥያቄ ነው። እናታችሁ ጠዋት ሲወጡ፣ ማታ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምሩ፣ ክረምት ደሴ ኮሌጅ ሲሄዱ፣ እናንተን ማን አሳደጋችሁ? የሆነች ሴት እንጀራ ጋግራለች፤ የሆነች ሴት አዝላችኋለች። ለአንድ መንደር የተረፈች መምህርት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ስሟ ያልተጻፈ ሌላ ሴት አለች።

ጠያቂዋ፦ የመርሳዋ መምህርት ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ይዤ መርሳ ወርጄ ነበርና የሆነውን ልንገራችሁ።

በሱፐርቫይዘሩ ምክር መሠረት ስለ መጀመሪያው ትምህርት ቤቷ ደመወዝ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝና «ይህን ጠይቂ ያለሽ መምህር ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማስቆም አልተቻለም። ያረፈችው በአንድ የሙስሊም ባለሱቅ ቤት ነበር፤ ደመወዝ ሲዘገይ ለመምህራኑ ሁሉ በዱቤ የሚሰጠውም እርሱ ነበርና የአድማው ወሬ ሲመጣ «እናንተ ሥራ ስታቆሙ እኔ ዱቤ ላቁም?» ብሎ ጠይቋቸው እንደነበር እየሳቀች ነገረችኝ። አድማውን ተቀብላ ማስተማሯን አቁማለች፤ ወደ ቤተሰቦቿ ግን አልተመለሰችም። ከባለሱቁ ሚስት ጋር ሆና ከደጋ ለሚወርዱት ሰዎች ባቄላና ሽንብራ ንፍሮ ትቀቅል ነበር። ንፍሮው ለተራበ ሆድ እንዲስማማ በትንሽ በትንሹ መሰጠት እንዳለበት ያስተማረቻቸው አንዲት ልጇን የቀበረች የዋድላ ሴት መሆኗን፣ ያችም ሴት በሦስተኛው ሳምንት መሞቷን ጨመረችልኝ። ይህን ታሪክ ከአራታችን አንዳችንም ሰምተነው አናውቅም ነበር። ስለ 1977 ዓ.ም. ገና አልጠየቅኋትም፤ የስም መቆጣጠሪያውን ነገር ሳነሣ ግን «እርሱን ወንድምሽ ባለበት» ብላለች።

ከሐይቅ የጻፉልን እናት ያሉት ደግሞ በትክክል ነው። እኛን ያሳደገችን ሴት ከዳውንት በልጅነቷ መጥታ እኛ ቤት የኖረች፣ ኋላም ከዚያው ተድራ የወጣች ናት፤ ዛሬም መርሳ አለች። እናታችን የሰጠችን ፈቃድ ሁለት ነገር የተጣበቀበት ነው፦ የዚህች ሴት ታሪክ ከራሷ በፊት እንዲጻፍ፣ ረቂቁም ከመታተሙ በፊት ለእርሷ ለእርማት እንዲቀርብ። ወንድማችን በሁለተኛው ላይ ፊቱን ቢያጨፈግግም ተስማምቷል።

ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤዎቹን እርስዎ እንዳሉት ከሳጥኑ አገኘናቸው። የጡረታው ውሳኔ የአገልግሎቷን መነሻ 1967 ዓ.ም. መስከረም ይላል፤ የመጀመሪያው የምደባ ደብዳቤ ግን የ1966 ዓ.ም. ነው። እናታችን «ተይው፣ ለአንድ ዓመት ብዬ አልከራከርም» ትላለች። ገንዘቡ አያሳስበንም፤ መጽሐፉ ላይ የትኛውን እንጻፍ?

መልስ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

የምደባ ደብዳቤውን ይመልከቱት፤ «በጊዜያዊነት» ወይም «በምትክነት» የሚል ቃል ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው። ጡረታ የሚታሰበው በቋሚነት ለተሠራበትና መዋጮ ለተከፈለበት ጊዜ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ያልተያዘው በዚህ ምክንያት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለበት ግን ምናልባት በአድማው ዓመት ደመወዝ ሳይከፈላቸው የቀረ ወራት አለ፤ ይህን የሚያውቁት እናትዎ ናቸው። በመጽሐፉ ላይ ማስተማር የጀመሩበትን 1966 ዓ.ም. ጻፉና የጡረታው መነሻ 1967 ዓ.ም. የሆነበትን ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ። ወደ ዞኑ ትምህርት መምሪያ ለማጣራት ከሄዱ የምደባውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ የጡረታ መለያ ቁጥራቸውንና ከእናትዎ የተጻፈ የውክልና ማመልከቻ ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ውክልና የሌላ ሰው ማህደር አይከፈትም። ማመልከቻውን ራሳቸው ቢጽፉት ይሻላል፤ የፊደል ግድፈት አይኖርበትም።